መግል ሁሉ ጀርም አይደለም

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናወጋው ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ሥራንና ቤተሰብን አጣጥሞ ስለ መኖር ነው። በዚህ ወር ግን ከቤታችን ኩባያዎች ከአንዷ ልነሳ። ነጭ ናት፤ አፏ ዙሪያ ሰማያዊ መስመር አላት። ካቻምና ለአንድ ሳምንት ያህል ከሌሎቹ ኩባያዎች ተለይታ ከእቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር። "ትለይ" ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም። እናቴ ለየቻት፤ እኔ አየሁ፤ ዝም አልኩ።

በኩባያዋ ትጠጣ የነበረችው የአክስቴ ልጅ ናት። በአንድ ቤት ስላደግን "የአክስቴ ልጅ" ማለቱ ይከብደኛልና ከዚህ በኋላ እህቴ እላታለሁ። ታሪኩን ከመጻፌ በፊት ፈቃዷን ጠይቄአለሁ። "ስሜን ብቻ አታንሺ፤ የቀረውን ግን ምንም ሳታስቀሪ ጻፊው" ነው ያለችኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራውም ማርኬቲንግ ነው። ከዚህ በታች የምታነቡት ካከሟት ሐኪሞች እየጠየቅሁና እያነበብኩ የተረዳሁትን ነው።

የሁለት ሳምንት ተአምር

እህቴ ከዩኒቨርሲቲ ዘመኗ ጀምሮ በክርኗ፣ በጉልበቷና በፀጉሯ ሥር ቆዳዋ እየወፈረ የሚፋቅ ሕመም ነበራት። ሶሪያሲስ እንደሚባል ተነግሯታል። ቤተሰቡ ግን ስሙን አልለመደውም። አንዱ ጭርት፣ ሌላው ችፌ፣ ሌላው ፎረፎር ይለዋል። እሷም ረጅም እጅጌ መልበስን ልማድ አድርጋ ኖራለች።

ወንድሜ ሊያገባ አንድ ወር ሲቀረው እህቴ ሚዜ ሆነች። የሚዜዎቹ ቀሚስ ደግሞ እጅጌ አልነበረውም። ጭንቀቷን ያየሁት እኔ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሳወራት፣ "ይህችን ኪኒን ትዋጥ፤ በሁለት ሳምንት ጥርግ ያደርግላታል" አለችኝ። ኪኒኑ ፕሬድኒሶሎን ነበር፤ ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ። ያለ ሐኪም ማዘዣ ገዝቼ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዣታለሁ፤ ነገር ግን እሷ ከሌለች የዚህ ጽሑፍ ጥቅሙ አይታየኝም።

እውነትም ጠረገላት። በሠርጉ ፎቶ ላይ ክርኗ የሕፃን ቆዳ ይመስላል። ሁላችንም ተደሰትን። ሠርጉ ሲያልፍ "ድኛለሁ" ብላ ኪኒኑን በአንድ ቀን አቆመች።

አሥር ቀን ሳይሞላ አንድ ሌሊት ብርድ ብርድ አላት። ትኩሳቷ ከ39 ዲግሪ አለፈ። በማግስቱ ቆዳዋ የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ይለበልባት ጀመር። ማታውን በብብቷ፣ በሆዷና በጭኖቿ ላይ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ነጫጭ መግል የቋጠሩ ነጠብጣቦች ፈሉ። በሦስተኛው ቀን እርስ በርስ እየተያያዙ ሰፋፊ የመግል ኩሬ ሠሩ።

እናቴ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሸች። ጎረቤታችን "አልማዝ ባለጭራ ነው" አሉ። የሄድንበት ክሊኒክ "ከባድ ኢንፌክሽን ነው" ብሎ አንቲባዮቲክ አዘዘ። መግል አይተናል፣ ትኩሳት አይተናል፣ ኢንፌክሽን የሚለው ቃልም ከሐኪም አፍ ወጥቷል። ኩባያዋ የተለየችው የዚያን ዕለት ማታ ነው። የአራት ዓመቷ ልጄም "አክስትሽ ታማለችና እንዳትጠጊያት" ተባለች። ይህንንም ያልኳት እኔ ነኝ።

መግሉ ሲመረመር

አንቲባዮቲኩ አልያዘም። በመጨረሻ የሄድነው የቆዳ ስፔሻሊስት ጋ ነው። በነገራችን ላይ ከብዙዎቹ የቆዳ ክሊኒኮች በር ላይ "የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት" የሚል ስለሚጻፍ፣ ሰው ሲገባ እንዳይታይ ግራ ቀኝ እያየ የሚገባበት በር ነው። በሙያዬ ማስታወቂያ አንዱን ደንበኛ ሲጠራ ሌላውን ሊያባርር እንደሚችል አውቃለሁ። እዚያ በር ላይ ቆሜ በዓይኔ አየሁት። እህቴ በዚያ ትኩሳት ላይ ሆና ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ነው የገባችው።

ሐኪሟ ከመግሉ ናሙና ወሰደች፤ ከቆዳዋም ቅንጣት ቆርጣ ላከች። ከዚያ ያልጠበቅነውን ጥያቄ ጠየቀች፦ "ባለፉት ሳምንታት የወሰድሽው፣ ወይም ያቆምሽው መድኃኒት አለ?" እህቴ ወደ እኔ አየች። ነገሩን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ አሰመረችበት።

እህቴ በዚያው ቀን ሆስፒታል ተኛች። ውጤቱ ሲመጣ ከመግሉ ውስጥ ምንም ባክቴሪያ አልበቀለም። ሐኪሟ እናቴን አስቀምጣ የነገረቻት ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፦ "እማማ፣ ይህ መግል ጀርም የለበትም። ከእሷ ወደ ማንም አይሄድም። አብራችሁ ብሉ፣ አብራችሁ ተኙ።"

እናቴ ወደ መሬት አቀረቀረች። እኔም ያቺ ኩባያ ታየችኝ።

ታዲያ በሽታው ምንድን ነው?

የሕመሙ ሙሉ ስም "መላ ሰውነትን የሚያዳርስ መግል ቋጣሪ ሶሪያሲስ" ልንለው እንችላለን። ተራው ሶሪያሲስ በጣም የተለመደ ነው፤ በዓለም ላይ ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሰዎች አለባቸው። ይኼኛው ግን ብርቅ ነው። በፈረንሳይ የተደረገ ጥናት ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች በ2 ገደማ፣ በጃፓን የተደረገው ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በ7 ገደማ አግኝቶታል። አንዳንዱ ታማሚ እንደ እህቴ ቀድሞ ተራ ሶሪያሲስ ያለበት ነው፤ አንዳንዱ ግን በቆዳው ላይ ምንም ሳይኖር በድንገት ይይዘዋል። በልጆች ላይም ሊታይ ይችላል።

በሽታውን በ1910 ለሕክምናው ዓለም የገለጸው ሊዮ ፎን ሱምቡሽ የተባለ ሐኪም ነው። የገለጻቸው ታማሚዎች ወንድምና እህት ነበሩ። አንድ ቤት የወጡ ሁለት ሰዎች መታመማቸው በሽታው ከዘር ጋር ግንኙነት ሊኖረው እንደሚችል የሚጠቁም ነበር። ምስጢሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተደብቆ ቆየ። በ2011 ተመራማሪዎች በቱኒዚያ በሽታው የሚመላለስባቸውን ቤተሰቦች መርምረው ጥፋቱ ከአንድ ጂን ላይ መሆኑን አገኙ። ይህን ጂን መረዳት በሽታውን መረዳት ነውና በሰፈር ቋንቋ ልሞክረው።

ሌሊት አንድ ሰው "ሌባ! ሌባ!" ብሎ ሲጮህ ምን ይሆናል? ሰፈሩ ዱላ ይዞ ይወጣል። በቆዳችን ውስጥም እንዲህ ያለ ጩኸት አለ። ኢንተርሉኪን-36 ይባላል። ቆዳ ሲቆስል ወይም ጀርም ሲገባ ይህ መልእክት ይለቀቃል፤ ነጭ የደም ሴሎችም ግልብጥ ብለው ይመጣሉ። ጩኸቱ በከንቱ እንዳይቀጥል ደግሞ "በቃ፣ ግቡ፣ ሌባ የለም" የሚል ሽማግሌ ተመድቧል። በቱኒዚያዎቹ ቤተሰቦች ላይ የተበላሸው የዚህ ሽማግሌ ጂን ነው። ሽማግሌው ከሌለ ጩኸቱ አይቆምም። ሌባ በሌለበት ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል፤ የቤቱን ልጅ ይደበድባል።

መግል ማለት በአብዛኛው የተከማቹ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። እኛ መግል ስናይ ጀርም የምናስበው ብዙ ጊዜ ሴሎቹ የሚሰበሰቡት ጀርም ለመዋጋት ስለሆነ ነው። በዚህ በሽታ ግን ወታደሮቹ አሉ፣ ጠላቱ የለም። ከእህቴ ሊተላለፍ የሚችል ነገር ያልነበረው ለዚህ ነው። የሰው የመከላከያ ሥርዓት በኩባያ አይተላለፍም።

በሽታው ያለበት ሰው ሁሉ ይህ የጂን ችግር አለበት ማለት አይደለም፤ ብዙዎች የለባቸውም። "በዘር ነው" የሚለውን ወሬ ይዞ የሰው ትዳር ለማፍረስ የሚሮጥ ዘመድ ካለ ይህን ንገሩልኝ። እርግማንም አይደለም፤ መተትም አይደለም።

የቅናሽ ዘመቻ ዕዳ

ጩኸቱን የሚቀሰቅሱ ነገሮች ይታወቃሉ፦ ኢንፌክሽን፣ እርግዝና፣ ከባድ ጭንቀት፣ አንዳንድ መድኃኒቶች። ከሁሉም ይበልጥ ስሙ የሚነሳው ግን የሚዋጥ ወይም በመርፌ የሚሰጥ ስቴሮይድን በድንገት ማቋረጥ ነው።

እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች አንድ ነገር በደንብ እናውቃለን። በትልቅ የቅናሽ ዘመቻ ሽያጭ ሽቅብ ይወጣል፤ አለቃም ይደሰታል። ዘመቻው ባበቃ ማግስት ግን ሽያጩ ከመነሻው በታች ሊወርድ ይችላል። ስቴሮይድ በሶሪያሲስ ላይ የሚያደርገው እንደዚሁ ነው። የመከላከያ ሥርዓቱን በአንድ ጊዜ ዝም ያሰኘዋል፤ ቆዳ ይጠራል። በድንገት ሲነሳ ግን ታፍኖ የነበረው ሁሉ በእጥፍ ሊፈነዳ ይችላል። የቆዳ ሐኪሞች ለሶሪያሲስ የሚዋጥ ስቴሮይድ ከማዘዝ የሚቆጠቡት በዚህ ምክንያት ነው። ባልደረባዬ "ተአምር" ያለችውን ነገር ሐኪሞቹ አውቀው ነው የተዉት።

ሌላም ጣጣ አለው። ሰውነታችን የራሱን ስቴሮይድ ከኩላሊት በላይ ባሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ያመርታል። ከውጭ ለሳምንታት ሲመጣለት ዕጢዎቹ ሥራ ይፈታሉ። መድኃኒቱ በአንድ ቀን ሲቆም ወዲያው ወደ ሥራቸው መመለስ ያቅታቸዋል፤ የደም ግፊት እስከ መውረድና ራስን እስከ መሳት የሚያደርስ አደጋ ሊመጣ ይችላል።

አደራ፣ ይህን አንብባችሁ የምትወስዱትን ስቴሮይድ ዛሬ እንዳታቆሙ! ጥፋቱ ያ ራሱ ነው። ስቴሮይድ ለአስምና ለሌሎች ብዙ ሕመሞች ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ነው። በሐኪም የታዘዘ የሚቀባ ስቴሮይድም ለተራ ሶሪያሲስ የተለመደ ሕክምና ነው። አደጋው መድኃኒቱን ያለ ማዘዣ መጀመርና ያለ ሐኪም ምክር ማቆም ነው። ካለ ማዘዣ ጀምራችሁ ከሆነ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ የሚያስቆማችሁ እሱ ነው።

የፊት ማቅያና ማለስለሻ እየተባሉ በየሱቁ ስለሚሸጡት ቅባቶችም ቃል ልጨምር። አንዳንዶቹ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው። ቅባቱ "ተስማማኝ" ካላችሁና ባቆማችሁት ቁጥር ፊታችሁ የሚቆጣ ከሆነ፣ ምን እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ይየው።

ምን ምልክት ሲታይ ነው የሚኬደው?

ይህ ሕመም ሲነሳ ለነገ የሚባል አይደለም። ቆዳ ትልቅ የሰውነት ክፍል ነው፤ ሥራውን ሲተው ሰውነት ውሃና ሙቀት መያዝ ያቅተዋል። ከባሰ ኢንፌክሽን በደም ውስጥ ሊሰራጭ፣ ልብና ኩላሊት ሊደክሙ ይችላሉ። ሰው ይሞትበታል። ስለዚህ የሚከተሉትን ካያችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፦

• በብዙ የሰውነት ክፍል ላይ በድንገት የወጡ ጥቃቅን መግል የቋጠሩ ነጠብጣቦች፣ በተለይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፤
• የሚያቃጥል፣ ሲነካ የሚያም፣ እየተላጠ የሚወርድ ቆዳ፤
• የልብ ምት መፍጠን፣ የሽንት መቀነስ፣ መቃዠት ወይም ግራ መጋባት፤
• በነፍሰ ጡር ላይ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ እንዲህ ያለ ሽፍታ መውጣት። ለእናትም ለጽንሱም አደጋ ስላለው አንድ ቀን እንኳ አይጠበቅም።

መጻሕፍት "ቆዳው ቀይ ይሆናል" ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ሁልጊዜ ቀልቶ አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ ወይም ቡናማ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አትመልከቱ፤ በእጃችሁ ዳሱት። ትኩሳቱና ሕመሙ ይናገራል።

ለሐኪሙ ያለፉትን ሳምንታት መድኃኒት ሁሉ ንገሩት፤ የሚዋጠውን፣ የሚቀባውን፣ የተወጋውን፣ የባህሉንም። መድኃኒት ራሱ የሚያመጣው፣ ይህን በሽታ በጣም የሚመስል ሌላ የመግል ሽፍታ አለ። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው የእናንተ ዝርዝር ነው። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ቢሰጥም አትገረሙ። እውነተኛ ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በምርመራ እንጂ በግምት አይደለም፤ በተጎዳ ቆዳ ላይም ጀርም ሊደረብ ይችላል።

"ዘነበወርቅ ነው እንዴ?"

የቆዳ ሕክምና ክፍል ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል እንደምትላክ ሲነገረን እናቴ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል "ዘነበወርቅ ነው እንዴ?" የሚል ነበር። ድንጋጤዋ ገብቶኛል። ለእሷ ትውልድ ይህ ስም የሥጋ ደዌ ስም ነው። በቦታው በ1934 የተቋቋመው ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማዕከል ነበር፤ አለርትም በ1965 እዚያው ሲመሠረት ዓላማው ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ መሆን ነበር። ዛሬ አለርት ብዙ ዓይነት ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ነው፤ የቆዳ ሐኪሞችም ይሠለጥኑበታል። ያ የቆየ ፍርሃት ግን በየቤታችን አለ። የሥጋ ደዌ ራሱ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ፍርሃቱ ግን የቆዳ ሐኪም ዘንድ እንዳንሄድ አሁንም እግራችንን ይይዘዋል። እህቴም ለዓመታት ሶሪያሲሷን በእጅጌ የሸፈነችው፣ እኔም በሐኪም ፈንታ ባልደረባዬን የጠየቅሁት ከዚሁ ፍርሃት የተነሣ ይመስለኛል።

ሕክምናው

እህቴ ሦስት ሳምንት ተኛች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተደረገላት ሕክምና ለዓይን ቀላል ይመስል ነበር፦ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ቆዳዋን የሚያለሰልስ ቅባት፣ የሙቀቷንና የደሟን ንጥረ ነገሮች መከታተል። ነፍሷን የያዘላት ግን ይህ ነው። ከዚያ በሽታውን የሚያበርድ መድኃኒት ተጀመረላት። እንደየሰዉ ሁኔታ ሐኪሞች ሳይክሎስፖሪን፣ አሲትሬቲን ወይም ሜቶትሬክሴት ይመርጣሉ።

ለእህቴ በመጨረሻ የቀጠለላት ሜቶትሬክሴት ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ለቆዳ ሕመም ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። በስህተት በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች ሞተዋል። እኛ ቤት ቀኑ በማቀዝቀዣው በር ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ "ማክሰኞ ብቻ"። ጉበትንና የደም ሴሎችን ሊጎዳ ስለሚችል በየጊዜው የደም ምርመራ አለው። በእርግዝና ጊዜም አይወሰድም። አሲትሬቲንም ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ፣ ካቆሙት በኋላ እንኳ ለ3 ዓመት ማርገዝ አይቻልም። ስለዚህ ለመውለድ የምታስብ ሴት ይህን ሐሳቧን ለሐኪሟ መጀመሪያውኑ ትንገር።

የሽማግሌው ጂን መገኘት በከንቱ አልቀረም። ጩኸቱን በቀጥታ የሚያፍን ስፔሶሊማብ የተባለ መድኃኒት ተሠርቶ በሴፕቴምበር 2022 በአሜሪካ ተፈቀደ። 53 ታማሚዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 35 ሰዎች በ19ኙ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚታይ መግል ጠፍቷል፤ መድኃኒት የሌለበት ከተሰጣቸው 18 ሰዎች ግን በአንዱ ላይ ብቻ ነው የጠፋው። ዋጋው እጅግ ውድ ነው። ቢሆንም ስም እንኳ በቅጡ ያልነበረው በሽታ የራሱ መድኃኒት ማግኘቱ ለእህቴ ትልቅ ዜና ነበር። ጋዜጣ እንደሚያነብ ሰው ጮክ ብላ አነበበችልን።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ነጠብጣቡን አታፍርጡ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ጨው አታስነኩት። ለብ ባለ ውሃ መታጠብና ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት ይበቃል። ፈሳሽ በብዛት፣ እንቁላልና ሽሮን የመሰለ ገንቢ ምግብ ይሰጥ። የቆዳ መላጥ ፕሮቲንን ይወስዳል።

ጸበልን በተመለከተ እናቴ ሐኪሟን ጠይቃለች። ሐኪሟ አልከለከለችም፤ የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፦ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ ቆዳዋ እስኪሽር ደግሞ በሌሊት ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ እንዳትጠመቅ። እናቴም ጸበሉን ቤት አምጥታ እያጠጣቻት መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጠቻት። ሁለቱ ተጣልተው አላየሁም።

ትልቁ ነገር ግን ገበታው ነው። ከአንድ መሶብ ለሚበላ ሕዝብ ሰውን ከገበታ መለየት ማለት ከቤት ማስወጣት ነው። ሶሪያሲስ በየትኛውም ዓይነቱ በመንካት፣ በማቀፍ፣ በጉርሻ፣ በፎጣ አይተላለፍም። ኦክቶበር 29፣ በእኛ ጥቅምት 19፣ የዓለም የሶሪያሲስ ቀን ነው። በዚያን ዕለት ምንም አታድርጉ፤ ክርኗን የምትሸፍን ዘመድ ካለቻችሁ ምሳ ጋብዟት፣ አጉርሷት።

እህቴ ከሆስፒታል ከወጣች ከወራት በኋላ አንድ ማታ ቡና እየጠጣን፣ "ኩባያዬን ስትለዩብኝ አይቻለሁ" አለችኝ።

የምለው ጠፋኝ። "ለምን አልተናገርሽንም?" አልኳት።

"ምን ብዬ? እኔም እኮ የሚተላለፍ መስሎኝ ነበር። ልጅሽን ሳላቅፋት የሰነበትኩት እናንተ ከልክላችሁኝ መሰለሽ?"

ለካ ሁለታችንም በአንድ ቤት ውስጥ አንድን ልጅ ከሌለ አደጋ ስንጠብቅ ኖረናል። ትክክለኛው አደጋ ግን ከፋርማሲ ገዝቼ ባመጣሁት ትንሽ ፓኮ ውስጥ ነበር።

ኩባያዋ አሁንም አለች። ከሌሎቹ ጋር ነው የምትቀመጠው። ልጄ ወተት እንዲቀዳላት የምትፈልገው በእሷ ነው፤ እህቴ ደግሞ "የኔ ናት፣ አትንኪብኝ!" ብላ ትነጥቃታለች። በየጠዋቱ በዚህች ኩባያ ይጣላሉ። እኔም ቢሮ እየረፈደብኝ እንኳ ጠባቸው እስኪያልቅ ቆሜ አያለሁ።

እስከ ወር ሰላም ክረሙልኝ።